ይህን የት ልድፋው?

በትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራ ዕቃ ክፍል፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ፣ አፏ በሰም የታሸገ አንዲት ትንሽ ቡናማ ብልቃጥ አለች። በአማርኛም በዓረብኛም «አይደፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። የለጠፍነው እኛ፣ የዘንድሮው የሳይንስ ክበብ አባላት ነን። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ክበባችን የዓመቱ ሥራ እንድንጽፍ ሲጠይቁን፣ ስለ ሽልማት ወይም ስለ አንድ የሚያስደንቅ ፈጠራ ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ከማንም በላይ ያስተማረችን ይህች ብልቃጥ ስለሆነች፣ የእሷን ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ካላክላ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደሚራ ገና አላለቀም። ሱዳኖች ደሚራ የሚሉት የአባይን የሙላት ወቅት ነው። በዚያ ሰሞን ከሀገራችን ደጋ የታጠበው አፈር በጥቁር አባይ ተጭኖ ካርቱም ይገባል። ከአንዳንዶቻችን ቤት ቧንቧ የሚወርደው ውሃም ቀጭን ሻይ ይመስላል። እናቶቻችን በባልዲ ቀድተው ያሳድሩታል፤ ጠዋት የጠለለውን ከላይ ከላይ ይቀዱና አተላውን ይደፋሉ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዚር ውስጥ ያጠሉታል። ዚር ሆዱ ሰፊ፣ መቀመጫው ሾጠጥ ያለ የሸክላ ጋን ነው፤ በየመንገዱ ጥላ ሥርም ለአላፊ አግዳሚ ተብሎ ይቀመጣል።

አንድ ቀን በክበቡ ስብሰባ ላይ አንዷ አባላችን፣ «አፈሩ የመጣው ከእኛ አገር ነው፤ ማጥሪያውንም እኛ ብንሠራላቸውስ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሐሳቡ ከእኛ ጋር ቀረ።

በሳምንቱ ሌላው አባላችን ስለ ናኖ ብር አንብቦ መጣ። ብር ስንል የኪሱን ብር አይደለም፤ እናቶቻችን በአንገታቸው የሚያስሩትን የመስቀሉን ብር ነው። ብር ጀርም እንደሚገድል ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በጣም በጣም ደቅቆ ሲከፋፈል ደግሞ ኃይሉ ይበረታል። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። የናኖ ቁስ የሚባለው በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር መጠን ያለው ነው።

መጠኑ ማነሱ ለምን ኃይል እንደሚሰጠው የገባን በሰሌዳው ላይ ካሰላነው በኋላ ነው። ጎኖቹ 1 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አንድ የብር ኩብ አስቡ። ስድስቱ ፊቶቹ ተደምረው 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ናቸው። ያንኑ ኩብ ጎናቸው 1 ናኖሜትር ወደሆነ ኩቦች ብንቆራርጠው፣ የሁሉም ፊት ተደምሮ 6,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ብዙም የማያንስ ስፋት ነው። ብሩ አልጨመረም፤ ውጭውን የሚነካው ገጹ ነው የጨመረው። ውሃ የሚነካው፣ ጀርም የሚነካው፣ እኛንም የሚነካን ገጹ ነው። ያኔ የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ አላልናትም።

የበለጠ ያስደሰተን አሠራሩ ነው። የናኖ ብር ለመሥራት የግድ ጠንካራ ኬሚካል አያስፈልግም፤ በቅጠል ጭማቂ መሥራት ይቻላል። ኒም ደግሞ በግቢያችን ሞልቷል። ቅጠሉን አጥበን፣ በቡታጋዝ ላይ ቀቅለን፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለልነው። ከኬሚስትሪ መምህራችን ፈቃድ ጠይቀን ከዕቃ ክፍሉ የብር ናይትሬት ተሰጠን። 0.17 ግራም መዝነን በ1 ሊትር የባትሪ ውሃ አሟሟነው። ከዚያ የኒሙን ጭማቂ ጨመርንበት። መጀመሪያ ለብ ያለ ቢጫ ነበር። ክፍለ ጊዜው አልቆ ስንመለስ ማር መሰለ። በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ሻይ ሆኖ አገኘነው። የቀለሙ መለወጥ የናኖ ብር መፈጠሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ጓንት ሳያደርጉ የነኩት ሁለት ልጆች ጣታቸው ጠቁሮ ሳምንት ሙሉ አለቀቀም፤ እነሱም እንደ ሜዳሊያ እያሳዩ ዞሩ። ለወላጆች ቀን «አረንጓዴ ናኖ ከካላክላ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አዘጋጀን። ቅጠል ስለሆነ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ስለሆነ ደህና ነው ብለን ነበር የምናስበው።

የሠራነውን በሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ሞልተን ክፍል ውስጥ መስኮት ሥር አስቀመጥነው። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው። አንዲት ወረቀት እንኳ አልለጠፍንበትም።

በማግስቱ ክፍል ስንገባ ግቢያችንን የሚያጸዱት እትዬ አንዱን ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። የትናንት ሻይ መስሏቸው ጠርሙሱን አጥበው ለውሃ ሊያደርጉት ነበር። ሽታው የሻይ ስላልሆነባቸው ጠበቁን።

«ልጆች፣ ይህን የት ልድፋው?» አሉን።

ቀላል ጥያቄ ናት። ከእኛ መካከል ግን መልስ የነበረው አንድም ሰው አልነበረም። አንዱ «ኒሙ ሥር ይድፉት» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ኒሙ ሥር ዚሩ አለ፤ ትንንሾቹ ልጆች በዕረፍት ሰዓት የሚጠጡበት፣ የተንጠባጠበውን እያቦኩ የሚጫወቱበት። ሌላዋ «ቦዩ ውስጥ» አለች። ቦዩ ወዴት እንደሚሄድ ስንጠይቃት ዝም አለች። እትዬ አንድ በአንድ አዩንና፣ «እናንተ ሠርታችሁት እናንተ ካላወቃችሁ እኔ ከየት ላውቅ?» ብለው ጠርሙሱን በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡት።

መምህራችን ሲሰሙ አልተቆጡም። ቢቆጡን በቀለለን ነበር። ሁለቱን ጠርሙሶች አስቆለፉና አንድ የቤት ሥራ ሰጡን፦ «ጥያቄውን የጠየቋችሁ እትዬ ናቸው፤ መልሱን የምትሰጡትም ለእሳቸው ነው። በቁጥር አድርጉት።»

በቁጥር ስናደርገው ደነገጥን። በዚያ 0.17 ግራም የብር ናይትሬት ውስጥ ያለው ብር 108 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ብር ቢገኝ ለጤና አያሰጋም ይላል። የእኛ ሊትር ከዚህ ከ1,000 እጥፍ በላይ የበዛ ብር ይዟል። እዚያ መጠን ላይ ለማድረስ ከ1,000 ሊትር በላይ ንጹሕ ውሃ ልንደባልቀው ነው፤ ማለትም ባለ 200 ሊትር አምስት በርሜል ሞልቶ የሚተርፍ። በሰፈራችን በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጡትን ሰዎች አሰብናቸው። አንዲትን ሊትር ለማጠብ የእነሱን የቀን ድካም ልናፈስ ነው። ያም ሆኖ ብሩ አይጠፋም፤ ይበተናል እንጂ። ብር ንጥረ ነገር ነው፤ አይበሰብስም። ጀርም የሚገድለው ብር፣ የምንፈልገውን ጀርምና የማንፈልገውን አይለይም፤ አፈር ውስጥ ለተክል የሚሠሩትን፣ ወንዝ ውስጥ ዓሣ የሚመገባቸውን ደቃቅ ፍጥረታትም ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ ብር የዋጠ ሰው ቆዳው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ሊለወጥ ይችላል፤ ከተለወጠ አይመለስም።

ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መንገድና ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። በነዚያ ሳምንታት ሁላችንም ቤታችን ነበርን። ጠርሙሶቹ ተቆልፈው እንዳሉ ብናውቅም፣ ሰው ከፍቶ ቢያገኛቸውስ የሚለው ሐሳብ አልለቀቀንም። ስልኩ የማይሠራ ስለሆነ የምንጠይቀው ሰው ብቻ ነበር። ታዲያ ከእኛ አንዷ የጎረቤታቸውን ሐቡባ ጠየቀች። ሐቡባ በሱዳኖች አነጋገር አያት ማለት ነው፤ እሷም በዚሁ ስም ነው የምትጠራቸው። «ድሮ ቧንቧ ሳይኖር የደፈረሰ ውሃ በምን ታጠሩ ነበር?» አለቻቸው። ሐቡባ ተነሥተው ወደ ግቢያቸው ጥግ ወሰዷትና ቀጭን፣ ረጅም ፍሬ የተንጠለጠለበት ዛፍ አሳዩአት። «ሩዋግ» አሏት፤ አጥሪ እንደ ማለት ነው። እናታቸው ፍሬውን ፈልፍለው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በጥቂት ውሃ በጥብጠው ዚሩ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ያ ዛፍ ሞሪንጋ ነው። በአገራችን ኮንሶዎችና ጋሞዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን የሚበሉት ሺፈራው የቅርብ ዘመዱ ነው። አፈሩም ከእኛ፣ የማጥሪያው ዘመድም ከእኛ አገር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ትምህርት ሲከፈትና ኢንተርኔት ሲመለስ ሐቡባ የነገሩን ሁሉ ተጽፎ አገኘነው። ሳምያ አል አዝሃሪያ ያህን የተባሉ ተመራማሪ በሱዳን በአባይ ዳር ያሉ ሴቶች ውሃ የሚያጠሩበትን ዘዴ ለዓመታት አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ አውጥተውታል። አሠራሩም ግልጽ ነው። ውሃውን የሚያደፈርሱት ደቃቅ የጭቃ ቅንጣቶች ገጻቸው አሉታዊ ሙል ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ተንሳፈው ይቀራሉ እንጂ አይዘቅጡም። የሞሪንጋ ፍሬ ፕሮቲን ደግሞ አዎንታዊ ሙል አለው። ቅንጣቶቹን ይሰበስባቸዋል፣ ይጠቀለላሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይዘቅጣሉ። ሐቡባ ሙል የሚባል ነገር ባይማሩም ሥራውን ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ሞሪንጋም እንከን አለው። ከፕሮቲኑ ጋር ሌላ የፍሬው ክፍል ውሃው ውስጥ ስለሚቀር፣ ውሃው ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ለባክቴሪያ መልሶ ምግብ ይሆናል። ይህን ለማስተካከል በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉት ነገር ሁላችንንም አስገረመን። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ፕሮቲኑን ከአሸዋ ጋር አጣበቁት። አሸዋው ፕሮቲኑን ይዞ ይቀራል፤ የሚበላሸው ትርፍ ታጥቦ ይወጣል። ጓቲማላዊው ፈርናንዶ ማዛሪዬጎስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ብር የተቀባ የሸክላ ማጥሪያ ሠርተዋል። ብሩ ሸክላው ላይ ተይዞ ይሠራል፤ ወደ ውሃው የሚሄደው እጅግ ጥቂቱ ነው። እንግዲህ ችግሩ ብሩ አልነበረም። እኛ ብሩን ልቅ አድርገን ሠራነው፤ እነሱ አስረው ሠሩት። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እግር እንዳይሸት ተብሎ የናኖ ብር የተጨመረባቸው አንዳንድ ካልሲዎች ሲታጠቡ ብሩን ከእጣቢው ጋር ይለቁታል። የእኛ ጠርሙስ ከካልሲው የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄያችን ሰፋ። «ይህን የት ልድፋው?» የሚለውን ጥያቄ ቀድሞ ያልጠየቀ ሰው በዓለም ላይ ምን አስከተለ? አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሌይ እ.ኤ.አ. በ1921 ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ቢጨመር ሞተር እንደማይንኳኳ ደረሰበት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለማቀዝቀዣ የሚሆነውን፣ የማይነድና የማይመርዝ የተባለለትን የክሎሮፍሎሮካርቦን ጋዝ ሠራ። ሁለቱም በጊዜያቸው ተሞገሱ። የመጀመሪያው ለትውልዶች የሕፃናትን አእምሮ ጎዳ፤ እርሳስ ያለው የመኪና ቤንዚን ከዓለም ላይ ፈጽሞ የቀረው ገና በ2021፣ ልክ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛው ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ንጣፍ ሸነቆረው፤ ዓለም በሞንትሪያል ስምምነት ሊያግደው የተነሣው በ1987 ነበር። ሰውዬው ክፉ ሰው ነበር ለማለት አይደለም። ሥራው ላይ እንጂ ከሥራው በኋላ ባለው ላይ አልታሰበም።

በናኖ ዓለምም ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ መጥቷል። ካርቦን ናኖቲዩብ ከብረት የሚጠነክር ቀጭን ክር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ረጃጅሞቹ በአይጦች ሰውነት ውስጥ እንደ አስቤስቶስ ያለ ጉዳት እንደሚያደርሱ አሳየ። አጫጭሮቹና የተጠቀለሉት ግን እንዲያ አላደረጉም። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ያው ካርቦን ነው፤ ቅርጹና ርዝመቱ ነው ልዩነቱ። ቅርጹንና ርዝመቱን ደግሞ የሚወስነው ሠሪው ነው። ስለዚህ ደህንነት ቁሱ ከተሠራ በኋላ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይሆን፣ ገና ሲታቀድ የሚገባ ንድፍ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2020 ባወጣው የኬሚካል ስትራቴጂ የያዘው መንገድ ይኸው ነው፤ ቁሶች ከንድፋቸው ጀምረው ለሰውም ለአካባቢም ደህና፣ ለዘለቄታውም የሚሆኑ እንዲደረጉ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1998 ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በጻፏቸው 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆች ውስጥ፣ አንድ ቁስ ሥራውን ሲጨርስ ወደማይጎዳ ነገር ፈርሶ እንዲሄድ ተደርጎ ይሠራ የሚል አለ። አባቶቻችን በአጭሩ ሳይቃጠል በቅጠል ብለውታል።

እኛ ግን ቅጠል ይዘንም አቃጥለናል። «ከቅጠል ስለተሠራ ደህና ነው» ያልነው ስሕተት መሆኑን ያስረዳን የራሳችን ሰው ታሪክ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ቢልሃርዚያ በገዚራ ቦዮች ዳር ያሉ የሱዳን ቤተሰቦች ሁሉ የሚያውቁት በሽታ ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን በወንዝ ላይ በስፋት ከመጨመሩ በፊት ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ፍተሻ ተጠየቀ፤ ነገሩም ዓመታት ወሰደ። ዶክተር አክሊሉ በመዘግየቱ በጣም አዝነዋል፤ የድሃ አገር ተመራማሪ የሠራው ስለሆነ አልታመነም ብለውም ተከራክረዋል። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በዚህ ታሪክ ላይ ክበባችን ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ግማሾቻችን «ሰው እየታመመ ፍተሻ መጠበቅ ግፍ ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ሳይፈተሽ ወንዝ ውስጥ መጨመር አይገባም» አልን። እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። የተስማማንበት አንድ ነገር ግን አለ። እንዶድ ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ የእኛ ብር ግን አይጠፋም። ሁለቱም ከቅጠልና ከፍሬ ጋር ተነካክተዋል፤ አንዱ ማብቂያ አለው፣ ሌላው የለውም።

ከዚያ የሠራነውን ለመመለስ ተነሣን። መጀመሪያ በመምህራችን ፊት የወጥ ጨው ጨመርንበት። ቀለሙ ከቡናማ ወደ ግራጫ ዞረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከሥሩ ጥቂት ዘቀጠ። ከላይ ያለው ግን ቢጫነቱ አልለቀቀም። ምክንያቱን ስናስብ አፈርን። የኒሙ ጭማቂ ቅንጣቶቹን ሸፍኖ እንዳይጣበቁ ይጠብቃቸዋል። «ወራት ሙሉ አይበላሽም» ብለን የተኩራራንበት ጥንካሬ፣ አሁን አልመለስ ያለን እሱ ራሱ ነው። አንድ ነገር ሲሠራ አብሮ መፍቻው ካልታሰበ፣ መልካም ጠባዩ ራሱ ጠላት ይሆናል።

ሁለተኛ ሐቡባ የሰጡንን የሩዋግ ፍሬ ወቅጠን ጨመርን። እንደ እርጎ ያለ ነገር ተቋጥሮ መውረድ ጀመረ። በማግስቱ ከላይ ያለው ውሃ ጠርቶ አገኘነው። ዘለልን፣ አጨበጨብን። መምህራችን ግን፣ «ጠራ ማለት ነጻ ሆነ ማለት ነው?» አሉን። የቀረውን ብር የምንለካበት መሣሪያ የለንም። ስለዚህ ንጹሕ ነው አላልንም፤ አልደፋነውምም። በሰፊ ትሪ ላይ አድርገን፣ በወንፊት ጨርቅ ሸፍነን፣ በተቆለፈው ክፍል መስኮት ሥር አኖርነው። የካርቱም ሙቀት ለአንድ ጊዜ እንኳ ወዳጃችን ሆነ፤ ውሃው ተንኖ ሄደ። የቀረውን ከአተላው ጋር በጥንቃቄ ሰበሰብነው። አንዱ ሊትር አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ግራጫ ዱቄት ሆነ። ያ ነው ብልቃጧ ውስጥ ያለው።

ለእትዬ መልሱን የነገርናቸው ሁላችንም ተሰልፈን ነው። «የትም አይደፋም እትዬ፤ በሚገባው ቦታ የሚያስወግድልን እስክናገኝ እኛው እንጠብቀዋለን» አልናቸው። እሳቸውም፣ «ታዲያ ከመሥራታችሁ በፊት ብትጠይቁኝ ይህን እነግራችሁ አልነበር?» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ግን ትክክል ናቸው። እቃ የሚያጥብ፣ ግቢ የሚጠርግ፣ ቆሻሻ የሚያወጣ ሰው አንድ ነገር መጨረሻው የት እንደሆነ ከማንም በፊት ያውቃል።

በወላጆች ቀን «አረንጓዴ ናኖ ከካላክላ» የሚለውን ጽሑፍ አወረድነው። በምትኩ ሦስት ነገር ጠረጴዛ ላይ አቀረብን፦ አንድ ብርጭቆ የደፈረሰ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ በሩዋግ የጠራ ውሃ፣ እና ብልቃጧን። ከጠራው ውሃ አጠገብ «ሳይፈላ አይጠጣም» ብለን ጻፍን፤ ሩዋግ ጭቃውን እንጂ ጀርሙን ሁሉ አይወስድምና። አንድ አባት ብልቃጧን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «ታዲያ ሙከራው ተሳካላችሁ ወይስ አልተሳካላችሁም?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። በመጨረሻ ከመካከላችን ትንሿ፣ «መሥራቱ ተሳካ፤ ማሰቡ ዘገየ» ብላ መለሰች። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «የእኛም ዕድሜ እንዲሁ ነው ልጄ» አሏት። ወላጆቻችን ስለ ስደት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ነገር ስለሆነ ሁላችንም ገባን።

ለሚቀጥለው ዓመት ክበብ ከብልቃጧ ጋር አብረን የምናስረክበው አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ማንኛውንም ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ ይላል። የምንጠቀምበት ነገር በራሱ ይጎዳል ወይ? ስንሠራው ማን ይነካዋል፣ ጓንቱስ አለ ወይ? ሲያገለግል ታስሮ ይቆያል ወይስ ይለቀቃል? ሥራውን ሲጨርስ ይፈርሳል ወይስ ለዘላለም ይኖራል? ያንኑ ሥራ የሚሠራ ቀላል፣ ርካሽ፣ ሐቡባ የሚያውቁት ነገር የለም ወይ? ከሁሉም ሥር ደግሞ በትልቁ የእትዬ ጥያቄ ተጽፏል፦ ይህን የት ልድፋው?

ከእኛ ዘንድሮ የሚመረቁ አሉ። አንዱ መሐንዲስ፣ አንዷ ሐኪም፣ ሌላዋ ኬሚስት መሆን ትፈልጋለች። አዲስ አበባ የሚሄድ አለ፣ ካርቱም የሚቀር አለ፣ ከዚህም የሚርቅ ይኖራል። ብልቃጧ ግን እዚሁ ካላክላ ትቀራለች። የምታገኟት ልጆች እባካችሁ ሰሟን እንዳትከፍቱ፤ ወረቀቷ ከደበዘዘ ደግማችሁ ጻፉባት። በሚገባው ቦታ የሚያስወግድላችሁ ካገኛችሁ ደግሞ ስጡና ንገሩን። የትም ብንሆን ደስ ይለናል።

በትዕግሥት ያስተማሩንን መምህራችንን፣ የዛፋቸውን ፍሬ ያልነፈጉንን ሐቡባን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመድፋታቸው በፊት የጠየቁንን እትዬን ከልብ እናመሰግናለን።

የሳይንስ ክበብ አባላት